ላፕቶፑን ማን ይክፈትላት

ጸሐፊዋን ሰው ሁሉ የሚያውቃት በጆሮዋ ነው። ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ አያይም፤ ጆሮዋ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ስብሰባ ከድምፅ ቅጂ እየሰማች ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ኖራለች። ማን አፉን ሞልቶ እንደተናገረ፣ ማን ከወረቀት እያነበበ ከራሱ ያመነጨ እንደሚያስመስል፣ ማን በስብሰባው መሀል እንዳንቀላፋ አሳምራ ታውቃለች። ያንቀላፋውን አትጽፍም። አፏ ቁጥብ ሆነ እንጂ ስንቱን ጉድ ታወጣው ነበር።

በቅርቡ መሥሪያ ቤቱ የተናጋሪዎችን ድምፅ እየለየ የሚያስቀምጥ አዲስ ፕሮግራም አመጣ። ፕሮግራሙ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል፣ ከዊንዶውስ በተለየ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ የምትጽፈው፣ ስክሪኑንም የሚያነብላት ድምፅ የለመደችው ዊንዶውስ ላይ ነው። ስለዚህ ያው ላፕቶፕ ሁለቱንም መያዝ ነበረበት፤ በተከፈተ ቁጥር የትኛው እንደሚነሳ መምረጥ ያስፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ናቸው፤ «ሐሳብ አይግባሽ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው መርጦ ይከፍትልሻል» አሏት። አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ አንገበገባት። ቤቷን ራሷ ቆልፋ፣ አውቶቡሷን ራሷ ተሳፍራ መጥታ፣ እንጀራዋ ፊት ስትደርስ እጇን አጣጥፋ ሰው ልትጠብቅ ነው። ይህንንማ እሺ አትልም።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ይዛ ታናሽ ወንድሟ የጥገና ሱቅ ሄደች። ታናሽ ይባል እንጂ አርባን ተሻግሯል።

«መጀመሪያ ያለሽን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ እንገልብጥ» አላት። «ይሄን ለሁለት ስከፍለው አንድ ነገር ቢበላሽ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልፋትሽ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ገልብጥ። እኔ ደግሞ እየከፈትኩ እሰማዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንተን ከልጅነትህ ጀምሮ ነው የማውቅህ።»

ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። እሷም ኢርፎኗን ሰክታ የተገለበጠውን አንድ በአንድ አረጋገጠች። ከዚያ ዲስኩን ከፈለ፣ ሊኑክሱን ከነአንባቢ ድምፁ ጫነ፣ ረፋድ ላይ «ይኸው እህትዓለም፣ አለቀ» ብሎ አስረከባት።

ማብሪያውን ተጫነች። ጠበቀች። ላፕቶፑ ጭጭ አለ።

«ምን እያለ ነው?»

«ምረጪ እያለሽ ነው። አራት መስመር ተዘርዝሯል፤ ሊኑክስ መጀመሪያ ላይ፣ ዊንዶውስ መጨረሻ ላይ…» ብሎ አቋረጠ። መምረጫው የሚመጣው አንባቢው ድምፅ ሳይነሳ በፊት ነው። አንድ ቤት አብሯት ያደገ ሰው ይህን አላሰበውም። ተናደደችበት፤ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ስትሰማ ደግሞ አንጀቷን በላው።

ጥቂት ፈልጎ መላ አገኘ። መምረጫው ሲመጣ አንዴ ጢጥ እንዲል፣ እስክትመርጥም ዝም ብሎ እንዲጠብቅ አደረገላት። ጢጥ ሲል ኢንተር ብትጫን ሊኑክስ ነው፤ የታች ቀስቱን ሦስት ጊዜ ተጭና ኢንተር ብትል ዊንዶውስ። ጣቷ እስኪለምደው ደጋገመችው። ወንድሟም እልህ ይዞት ስክሪኑን ሸፍኖ ሞከረ፤ ቁጥሩ ጠፍቶበት ዝም ብሎ ቀስቱን ይቀጠቅጥ ጀመር።

«ደግነቱ ከመጨረሻው መስመር አያልፍም» ብሎ አጉረመረመ። «ቀላል መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ማን ቀላል ነው አለህ?»

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመው፣ ባልደረቦቿም ከኋላ ተሰብስበው ነበር። ከፈተች። ጢጥ። ሦስቴ ቀስቱን፣ ከዚያ ኢንተር። የተነሳው የዊንዶውሱ ወፍራም ድምፅ ሳይሆን የሊኑክሱ ቀጭን ድምፅ ሆነ።

«ግድ የለም፣ ያጋጥማል» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ክንዳቸው በትከሻዋ በኩል ወደ ኪቦርዱ ሲያልፍ ተሰማት።

«ይቆዩኝ» አለች፤ እጇንም ከኪቦርዱ አላነሳችም።

ትናንት ሊኑክሱ ልታደስ ብሎ ጠይቋት ፈቅዳለት ነበር። ታዲያ ሲታደስ ለራሱ አንድ መስመር ጨምሮ ሌላውን ወደ ታች ገፍቶት ይሆናል። ቢገፋውም ግን መጨረሻ የነበረው አሁንም መጨረሻ ነው። መቁጠር ምን ያደርጋል? ዘግታ ከፈተች። ጢጥ ሲል ቀስቱን አሥር ጊዜ ያህል ቀጠቀጠችና ኢንተርን ተጫነች። ወፍራሙ ድምፅ፣ ከእሷ በቀር ማንም በማይከተለው ፍጥነት፣ ማንበቡን ተያያዘው።

ከኋላዋ ወረቀት ሲታጠፍ ሰማች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደል» አሉ ሥራ አስኪያጁ አፍረው። «ተራ አውጥተን ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማን እንደሚከፍትልሽ።»

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

አምስት ስም አነበቡላት። አምስቱም ሳይጠየቁ ራሳቸው የተመዘገቡ ናቸው። ሰው እንደሚወዳት ገባት፤ ደስም አላት፣ ከፋትም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ወደ ኋላዋ ዞር ብላ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለሰች። «ይሄ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ላፕቶፕ ለእርስዎም ተሰጥቶዎታል አሉ። የእርስዎን ማን ነው የሚከፍትልዎት?»

ወረቀቱን መልሰው አጠፉት።

«የሐሙሷ ተረኛ ናት የምትከፍትልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «በየቀኑ።»

ጸሐፊዋ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእጇ ዳብሳ ሳበችላቸው።

«ይምጡ ይቀመጡ፣ ላሳይዎት» አለቻቸው።