ሚካኤልን ያደበዘዘው ፕሪንተር

ነገሩ የሆነው አምና በህዳር መባቻ፣ ሰሊጡ ተሰብስቦ ማሽላው በሚቆረጥበት ሰሞን ነው። ዛሬ ብቻዬን ስሆን ሁሉ ያስቀኛል። ያን ዕለት ግን ላብ እንጂ ሳቅ አልነበረኝም።

ኮኪት በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ መምህር ነኝ። ኮምፒውተር ትንሽ ስለምነካካ የከተማው ጸሐፊ ሆኜ ቀርቻለሁ። የደብራችን መሪጌታ ለሚካኤል ንግሥ የጥሪ ወረቀት እንዳዘጋጅላቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ክረምት ላይ ንፋስ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ገንጥሎት ነበር፤ ማሠሪያው የሚገኘው ከንግሡ እንግዶች መዋጮ ነው። ጥሪው ዕለቱን ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በሚሄደው መኪና ካልተላከ ንግሡ ያለ እንግዳ፣ ጣሪያውም ያለ ቆርቆሮ መቅረቱ ነው።

«አደራ፣ የመልአኩ ስም በቀይ ይሁን፤ እንደ ብራናው» አሉኝ።

ስሙን በደማቅ ቀይ ጻፍኩት። ስክሪኑ ላይ ሲያምርብኝ ጊዜ፣ ፕሪንተራችን ከጥቁር ሌላ ቀለም እንደማያውቅ ረሳሁት።

ወረቀቱ ሲወጣ ከግርጌው የአሠሪ ኮሚቴው አባላትና የገንዘብ ያዡ ስም ቁልጭ ብሏል። ሚካኤል ግን ደብዝዞ አይነበብም። መሪጌታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ገንዘብ ያዡን አድምቀህ መልአኩን አጠፋኸው?»

የቀለሙን መያዣ፣ ቶነሩን፣ አውጥቼ አወዛወዝኩት። መልሼ አተምኩ፤ ያው ነው። በኋላ ገባኝ፤ ፕሪንተሩ ቀዩን ወደ ግራጫ ይቀይረዋል፣ ቀለም እንዲቆጥብ ስለተደረገ ደግሞ ግራጫውን ጭራሽ ያሳሳዋል። ስሙን ወደ ጥቁር ለውጬ አተምኩና «ይኸው!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከገንዘብ ያዡ ጋራ እኩል? ይህንስ አልልክም።»

ከውጭ የመኪናው ጡሩንባ ይሰማል። ያኔ የሒሳብ መምህርቷ ከምታርመው ፈተና ላይ ቀና ሳትል፣ «ቀይ እንደሆነ እዚህ ሞልቷል» ብላ እስክሪብቶዋን አነሳችልን።

የስሙን ቦታ ባዶ ትተን አተምን። የነበርነው መምህራን ሁሉ የማረሚያ እስክሪብቷችንን ይዘን «ቅዱስ ሚካኤል» እያልን መሙላት ጀመርን። መሪጌታ ከላያችን ቆመው ይቆጣጠራሉ። የእኔን ጽሑፍ «የዶሮ ጭረት» አሉት።

ስንጨርስ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። እጄ ልማዱን አልተወም ለካ፤ በአንዱ ወረቀት ላይ ከመልአኩ ስም ጎን ትልቅ ራይት አድርጌበታለሁ። መሪጌታ አዩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አንተ! ሚካኤልን አረምከው?» አሉኝ። ከዚያ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። «በል ግድ የለም። ኋላ ነፍስህ ስትመዘን እሱም ላንተ እንዲህ ያድርግልህ!»

ሁሉም ሰው «አሜን» አለ። እኔ ግን ያልኩት የምሬን ነበር።

ጥሪው ደረሰ፤ ንግሡም ሞላ፤ ቆርቆሮውም ተመታ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በተማሪ መልስ ስጠራጠር ራይት አደርጋለሁ። እኔንም የሚያርም አለና።