ሁለት ባለ ማርሽ ሞተር

ታፈረ ንፋስ መውጫ ላይ ሬዲዮ፣ ቴፕና ስልክ ይጠግናል። ከእኔ የልብስ ስፌት ሱቅ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እጁ ከሥራ ስለማይላቀቅ በስልክ የሚያወራው የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ነው፤ ስለዚህ ሳልፈልግም ሁሉን እሰማለሁ።

ሕሊና እዚህ የፊዚክስ መምህርት ነበረች። ዛሬ ቻርጀር፣ ነገ ካልኩሌተር እያለች ሱቁ ትመላለሳለች። አንዳንዴ ያልተበላሸም ታመጣለች። ታፈረ እሱንም ፈትቶ መልሶ ይገጥምላታል፤ ሞኝ! አምና ወደ መካነ ኢየሱስ ተዛወረች። ስትሄድ ለተማሪዎቿ የሳይንስ ክበብ ያገኘችውን የሮቦት መቆጣጠሪያ ቦርድ ትታለት፣ "ሁለት ጎማ ያላት ትንሽ ሮቦት እንሠራለን። ሞተሮቹን አንተ ምረጥልኝ" አለችው።

መምረጡን ያዘው። የአሮጌ ቴፕ ሞተር ሞከረ፤ ይፈጥናል፣ ጉልበት ግን የለውም። የሚኒባስ መስታወት መጥረጊያ ሞተር አመጣ፤ ጉልበቱ የበሬ ነው፣ ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ቦርዱን ያቃጥለዋል።

"ሞተር ሲሮጥ አይታወቅም" ይለኛል። "አንቀህ ስታቆመው የሚስበውን ለካ። ቦርዱ ያን ከቻለ ይሆናል።"

ይህንኑ በስልክ ይነግራታል። "ሕሊና፣ ይኸኛው ሲታነቅ ሦስት አምፒር ይስባል፤ ቦርድሽ ከሁለት በላይ አይችልም።" ከዚያ ዝም። እሷም ዝም። "በይ ደኅና ዋይ" ይልና ይዘጋል። ከዘጋ በኋላ የሥራ ድምፅ አይሰማም። ገርበብ ባለው በር ሳየው ወደ እስቴ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ፣ አውቶቡስ በሚሄድበት በኩል አፍጥጦ ተቀምጧል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የታፈረ ዝምታ ግን ነቅዟል። "ናፈቅሽኝ" ማለት እኮ አምፒር አይፈጅም!

በመጨረሻ ትንንሽ ባለ ማርሽ ሞተሮች መረጠ። ማርሹ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበት ይጨምራል። ያን ቀን ደስ ብሎት ሻይ ቤት ገባና ለሻይ ሻጯ ለእትዬ አልጣሽ፣ "ሁለት ባለ ማርሽ ሞተር ከባሕር ዳር አዘዝሁ፤ የሕሊና ጉዳይ አለቀ!" አላቸው።

እኛ አገር ሞተር ማለት የሚነዱት ሞተር ሳይክል ነው። እትዬ አልጣሽ እልል አሉ። "አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለሷ! ሊያገባት ነው!" ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ መካነ ኢየሱስ ገባ።

በማግስቱ ሕሊና ደወለች።

"ታፌ፣ ሞተር ገዛህ አሉኝ።"

"አዎ፣ ሁለት። ቁርጥ እኩያ ናቸው።"

"ሁለተኛው ለማን ነው?"

ድምጿ ሳሳ። እኔ የስፌት መኪናዬን መርገጥ አቆምሁ። በል እንግዲህ አንተ ሰው፣ አልሁ በልቤ።

"ለግራው ጎማ ነዋ!" አለ ታፈረ። "በአንድ ሞተር ብቻ እኮ እዚያው እየዞረች ነው የምትቀረው።"



"እሺ" አለች። "እኔ እኮ አንዲት ሞተር የምትነዳ የጤና ባለሙያ ጎረቤቴን መንዳት አስተምሪኝ ብያት ነበር።" ስልኩ ተዘጋ።

ታፈረ ከሱቄ በር ላይ መጥቶ ቆመ። "ምን መንዳት ነው የምትለው?"

የእትዬ አልጣሽን ወሬ ነገርሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። መልሶ ደወለ፤ አላነሳችም። ደግሞ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ከጨርቆቼ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና፣

"ናፍቃኛለች እኮ" አለ፤ ለእኔ።