እትዬ ሜትር ስልክ ስትገዛ

እትዬ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። የስፌት ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ እንደ ሻርፕ ጣል አድርጋው ትሄዳለች። እኔ እሷ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ወንበሬ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ በመስኮቱ በኩል ነው። አብረን ስንሠራ አሥራ አራት ዓመታችን።

እትዬ ሜትር ልኬት በደብተር አትጽፍም። ድሮ ትጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ ግን አንዲት ደንበኛ ቀሚሱ ቢጠባት፣ “እኔ አልወፈርኩም፣ አንቺ ነሽ አሳስተሽ የጻፍሽው” ብላ መንገደኛውን ሁሉ ሰበሰበችባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሜትሩን በደንበኛዋ ወገብ ላይ ታዞርና ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ታነሳዋለች። ፊት የለ፣ ስም የለ፤ ደረት፣ ወገብና ዳሌ ብቻ። “ሰው ይክዳል፣ ፎቶ አይክድም” ትላለች። ስልኳ ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ ፎቶ አለ፤ የማን እንደሆነ የምታውቀው በለበሱት ልብስ ቀለም ነው።

ችግሩ፣ ስልኩ መዳፍ የማይሞላ፣ ቁልፍ በመጫን የሚሠራ አሮጌ ነገር ነው። ዓይኗ ደግሞ ደክሟል። መነጽሯ ጨርቁን ያሳያታል እንጂ ስልኩን አያሳያትም። ፎቶውን ላሳድገው ስትል ቁጥሩ ይሸሽና ሆድ ብቻ ይቀራል። እንዲህ እየሆነ ነው ባለፈው ወር የሰፈራችንን ክሊኒክ ዋና ነርስ ልብስ ስትቆርጥ ዘጠና ስድስትን ዘጠና ብላ ያነበበችው። ልብሱ ዳሌ ላይ ደረሰና እምቢ አለ፤ ብንጎትተውም ብንለምነውም እምቢ አለ።

ዋና ነርሷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር። “እትዬ፣ የአሥራ አንዳችን የሥራ ልብስ የሚሰፋው አንቺ ጋ ነው” አለች ቀስ ብላ። “አሁንም ጨርቁን አመጣልሻለሁ። ከእንግዲህ አንድ ቢበላሽ ግን የቀረውን ጠቅልዬ ሌላ ጋ እወስደዋለሁ።”

የሱቁ ምሰሶ የነርሶቹ ሥራ ነው። እሱ ከሄደ ለእሷም ለእኔም የሚቀረን ዚፕ መቀየር ነው። ስለዚህ ባለ ሰፊ ስክሪን ስልክ ይገዛ ተባለ። ምነው ባልተባለ!

እትዬ ሜትር ሁለት ልጆች አሏት። ሴቷ ፀጉር ሠሪ ናት፣ አይፎን ትይዛለች። ወንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንድሮይድ ይይዛል። እናታቸውን ለመርዳት ብለው ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ድረስ ይመጣሉ፤ ከዚያ ምሳውም ሥራውም ይቀራል።

“እማዬ፣ አይፎን ግዢ። አንዴ ከያዝሽው ሌላ አያምርሽም” ትላለች ሴቷ።

“ለእማዬ አንድሮይድ ነው የሚሻላት። እንደፈለገች ታደርገዋለች።”

“እሷ እንደፈለገች ማድረግ አይደለም የፈለገችው፣ አርፋ መሥራት ነው!”

“አንቺ ያንን ከያዝሽ ወዲህ መቼ አርፈሽ ታውቂያለሽ?”

እትዬ ሜትር መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው። “እኔ ቁጥር ላንብብ አልኩ እንጂ ባል ላግባ አልኩ? ምን ዘር ማንዘሩን ታጣራላችሁ!”

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። የነርሶቹ ነጭ ጨርቅ ሳይቆረጥ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። አቧራ እንዳይነካው የሸፈንኩበትን ወረቀት በየጠዋቱ እቀይርለት ነበር። በመጨረሻ ዋና ነርሷ፣ “ካልቻላችሁ ንገሩኝ” ብላ ላከችብን። በነጋታው አራታችንም ስልክ ቤት ሄድን።

ሻጩ ፂሙን በቀጭኑ የተላጨ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ነው። ፒክስል አለ፣ ጊጋ አለ፣ ሌላም ብዙ አለ። እትዬ ሜትር የያዘችው አንዱን ብቻ ነበር።

“ይሄ ስድስት ነጥብ ሰባት ኢንች ነው፣ እናቴ።”

ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና በኢንቹ በኩል ገልብጣ በስልኩ ላይ አጋደመችው። “ሦስት እንኳ አልሞላም።” ከላይ እስከ ታች ዘረጋችው። “ይሄም ስድስትን ለጥቂት አለፈ እንጂ። ቀሪውን የት ወሰድከው?”

“እናቴ፣ ስክሪን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ነው፣ በሰያፍ።”

“በሰያፍ!” ወደ እኔ ዞረች፣ የምሰክርላት ይመስል። “እኔ ሰውን ከትከሻው እስከ ተቃራኒ ዳሌው በሰያፍ ለክቼ ወገብህ ይሄ ነው ብለው ማን ይለብስልኛል?”

“ዓለም በሙሉ የሚለካው እንዲህ ነው።”

“ዓለም በሙሉ ይጠበዋላ!”

ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ። “ነይ እዚህ ቁሚ” አለችኝና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሜትሩን ወገቤ ላይ አዞረችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በአይፎኑ አነሳችኝ፣ በአንድሮይዱ አነሳችኝ። ሁለቱንም መደርደሪያው ላይ አቆመቻቸውና ጨርቅ ስትቆርጥ የምትርቀውን ያህል ራቅ ብላ ቁጥሬን ጮክ ብላ አነበበች። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። በሁለቱም ግን አልተሳሳተችም።

“እኩል ናቸው” አለች። ልጆቿ ሁለቱም ቅር አላቸው።

“ልዩነቱ እኮ ሲስተሙ ነው፣ እማዬ!” አሉ እኩል።

“እሺ፣ ሲስተም ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጨርቅ ዘርግቼ፣ መቀስ ይዤ፣ ፎቶው ጥፍት ብሎ ሌላ ነገር ቢመጣብኝ ማን ነው የሚመልስልኝ?”

“ትደውይልኛለሽ” አለች ሴቷ።

“በምን? የጠፋብኝ እኮ ስልኩ ነው።”

“እኔ እመጣለሁ፣ ተሳፋሪ እንዳወረድኩ” አለ ወንዱ።

“ያንተ ተሳፋሪ እስኪወርድ ነርሶቹ ጡረታ ይወጣሉ።” አሁንም ወደ እኔ ዞረች። “ያንቺ ስልክ የቱ ነው?”

ጥጉ የተሰነጠቀውን ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። “አንድሮይድ” አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝ።

“ፎቶ ቢጠፋ ትመልሺዋለሽ?”

“እመልሳለሁ።”

“በቃ። የሷን ዓይነት ስጠኝ፣ ትልቁን። ወገቦቼንም አንድ ሳታስቀር አዛውርልኝ።”

ወንዱ ልጅ ሳቀ። “አትሳቅ” አለችው፤ “አንተ አይደለህም ያሸነፍከው።”

በማግስቱ ስልኩን የክር ሳጥኑ ላይ አስደግፈን ቆረጣ ተጀመረ። ፎቶው አራት ጊዜ ጠፋ፤ አንዱን ጊዜ ስልኩ የአየር ሁኔታ ሲነግረን ቆየ። እትዬ ሜትር መቀሷን እንደያዘች ጣሪያውን እያየች ትጠብቃለች፣ እኔ መርፌዬን ደረቴ ላይ ሰክቼ እመልስላታለሁ። ስምንቱን ስምንት፣ ስድስቱን ስድስት ብላ እያነበበች አሥራ አንዱንም ቆረጠች።

ዋና ነርሷ ልብሱን ልትሞክረው ስትመጣ ዳሌዋን አልፎ ሸርተት ብሎ ወረደ። ቁልፎቹን እኔው ቆለፍኩላት። በመስታወቱ ፊት ዞር ዞር ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ ላይ አረፈ። ዳሌዋ ስክሪኑን ሞልቶ፣ መሐሉ ላይ ዘጠና ስድስት።

“ይሄ የማን ነው?”

“ያንቺ።”

“ወይ ጉድ! ስልኩ ትልቅ ስለሆነ አስፍቶኝ ነው እንጂ። በትንሹ ስልክ እኮ ዘጠና ነበርኩ!”

እትዬ ሜትር አፏን ከፈተች። ልክክ ብሎ የተቆለፈውን ልብስ አየች፣ መስቀያው ላይ የተሰለፉትን አሥሩን አየች፣ መልሳ ዘጋችው።

“የሚቀጥለውንም ጨርቅ ለእናንተው አመጣለሁ” አለች ዋና ነርሷ፤ “እኔን ግን በትንሹ ለኪኝ።”

“እሺ የኔ እመቤት” አለች እትዬ ሜትር በረጅሙ ተንፍሳ፤ “ይሄኛውን ሳላውቅ በሰያፍ ለክቼሽ ይሆናል።”