ሊትሩን የረሳሁበት የሊሙ ጉዞ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ጅማ

ሊሙ ገነት አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ናሙና የሚቆላበት ክፍል አለ፤ ምድጃው የሚነደው በሲሊንደር ጋዝ ነው። ባለፈው ወር፣ ጋዙ ቢያፈተልክ መውጫ እንዲኖረው ብዬ ጣሪያው ሥር ቀዳዳ ከፈትኩ፤ ወለሉ ጥግ የነበረውን አሮጌ ቀዳዳ ደግሞ በሲሚንቶ ደፈንኩት። ዛሬ የምሄደው ከላይ ሁለተኛ ለመክፈት ነው። ጨጨብሳዬን በልቼ፣ ሁለት መቶ ብር ከፍዬ ሚኒባስ ገባሁ። ስሌቱን ራሴ ስለሠራሁት ኮርቻለሁ።

ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ኮረኮንቹ ላይ

አጠገቤ የተቀመጠችው የፊዚክስ መምህርት ናት። ልኩራራባት ብዬ ወረቀቴን አሳየኋት። የጋዙ እፍግታ ሁለት ግራም በሊትር፣ የአየር ደግሞ አንድ ነጥብ ሁለት ኪሎ በሜትር ኩብ። ለማወዳደር ሁለቱን ግራም ለሺ አካፍዬ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ሁለት ኪሎ ብያለሁ። ጋዙ ከአየር እጅግ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው።

“ሊትሩስ?” አለችኝ።

“የቱ ሊትር?”

“አንድ ሜትር ኩብ እኮ ሺ ሊትር ነው። ለሺ ያካፈሉትን መልሰው በሺ ያበዙታል፤ ቁጥሩ ያው ሁለት ነው። ማሎ፣ እባክዎ፣ ይሄ ጋዝ ከአየር ይከብዳል! ወለል ላይ ነው የሚተኛው።”

ክው አልኩ። የወለሉን መውጫ የደፈንኩት በገዛ እጄ ነው! ቡናውን የምትቆላው ዘይነባ በየቀኑ እዚያ ክብሪት ትጭራለች። ደወልኩላት፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ግራና ቀኝ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ እኔ ግን ምንም አልታየኝም። ሹፌሩን “ኧረ ፍጠን!” ስለው “ለመንገዱ ይንገሩት” ብሎ ሳቀ።

አምስት ሰዓት፣ ሊሙ ገነት

ከመናኸሪያ ሮጥኩ። ዘይነባ ክብሪት ይዛ በሩ ላይ ደርሳለች።

“እንዳትጭሪ!”

“ያ አላህ! ምን ሆነው ነው ጋሽ ተክሌ?”

“ጋዝ አልሸተተሽም?”

“ጉንፋን ይዞኛል፣ ምንም አይሸተኝም።”

ደጃፉ ላይ ተንበርክኬ አሸተትኩ። ወለሉ ጋዝ በጋዝ ነው! ትንፋሼን ይዤ ገብቼ ሲሊንደሩን ዘጋሁ፤ የጋዙ ማስተላለፊያ ጎማ ተሰንጥቋል። በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ውጭ ቆየን። ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ሲሚንቶውን በመሮ ፈነቀልኩት።

“‘አሁን ያለ ስጋት ቁዪ’ ብለውኝ ነበር እኮ” አለች።

“ተሳስቼ ነው፤ ይቅር በይኝ።”

“እኔስ ይቅር ብያለሁ። ሌላ ቦታ ደፍነዋል እንዴ?”

ደፍኛለሁ። የቡ ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ። እሷ እስክትጠይቀኝ ትዝ አላለኝም፤ ከስህተቱ ይልቅ ያሳፈረኝ ይሄ ነው። እዚያው ሆኜ ደውዬ እሳት እንዳያነዱ ለመንኳቸው።

በማግስቱ የቡ ሄጄ ሌላውን ቀዳዳ ከፈትኩና ጅማ ገባሁ። በአንድ መስፈሪያ ያልተለካን ነገር ማወዳደር አጉል ድፍረት መሆኑን ተማርኩ። ባለቤቴ ገና ከበር “ሥራ እንዴት ነበር?” አለችኝ።

“ሰው ልገድል ነበር” አልኳት።