አያ ይሄነው ውሃ ላይ የሞቁት እሳት

አያ ይሄነው በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ውሸታም ተባሉ። ያሏቸውም ባዕድ አይደሉም፤ የገዛ አገራቸው ግምጃ ቤት ናት፣ አርባ ዓመት ሙሉ «እሳቸው ካሉ አለቀ» ስትል የኖረችው ያቺው ግምጃ ቤት! ሰው ቢጣላ እሳቸው ይጠራሉ፣ ድንበር ቢገፋ እሳቸው ይጠራሉ። ገበያ ላይ የፈረስ ጥርስ ገልጠው «ዘጠኝ ዓመቱ ነው» ካሉ ሻጭም ገዢም አፉን ይዘጋል። ይህን ሁሉ ክብር አንድ የካናዳ ሐይቅ ባንድ ሰንበት ይዞት ገደል ገባ።

ነገሩ መሳለቂያ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት! ስቀን እንተወው ነበር። ግን የካሳነሽ መሬት በእሳቸው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ካሳነሽ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ባንዲት ማሳ የምታሳድግ ሴት ናት። ባለፈው ክረምት እናቷን ልታስታምም ዳንግላ ከርማ ስትመለስ፣ ጎረቤቷ መሳፍንት የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እሷ አስገብቶ፣ ግማሹን ማሳ ዲከረንስ የሚሉትን የከሰል ዛፍ ተክሎበት ጠበቃት። ስትጮህበት ዓይኑን በጨው አጥቦ «ድንጋዩ ድሮም እዚሁ ነው» አላት። የመሬት ደብተሯ ስፋቱን በግምት ይጽፋል እንጂ ድንጋዩ የት እንደነበር አይናገርም። መሬቱ ሲካለል ከቆሙት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት አያ ይሄነው ብቻ ናቸው፤ ድንጋዩን በእጃቸው የተከሉትም እሳቸው። ሽምግልናው ለሚያዝያ የተቀጠረው ምስክሩ ካናዳ ስለነበሩ ነው።

ካናዳ ምን ሊሠሩ ሄዱ? ያለቻቸው አንዲት ልጅ፣ ማስተዋል፣ እዚያ ናት፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። «አባዬ፣ ሳልደርስልዎ እንዳይሞቱብኝ» ብላ ኅዳር ላይ ወሰደቻቸው። ደግሞ ወር መርጣ! ሁለት ወር ሙሉ ከመስኮት ሥር ተቀምጠው፣ ነጭ ሲወርድ እያዩ፣ «እናንተ አገር ሰማዩ ወንፊት ነው እንዴ?» እያሉ ከረሙ።

ጥር ሃያ ሦስት ቀን ማለዳ ቁርስ አልበላ አላቸው። ዕለቱ ጊዮርጊስ ነው። እንጅባራ ላይ ፈረስ በፈረስ የሚሆንበት፣ የአገው ፈረሰኛ ሁሉ ጌጡን ለብሶ ሜዳውን የሚያናውጥበት ቀን ነው። አያ ይሄነው ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ያን ቀን ቀርተው አያውቁም። ማስተዋል ፊታቸውን አይታ ካፖርታቸውን አመጣች።

«ተነሡ አባዬ፣ ዛሬ ሥራ የለኝም። ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ አለች፣ ባሪ የምትባል። በመኪና ይዤዎት ልዙር።»

መንገድ ላይ ገና ድንጋጤው ጀመረ። ከፊታቸው አንድ ትልቅ መኪና ከኋላው ነጭ ነገር እየዘራ ይሄዳል።

«ምንድን ነው የሚዘራው?» አሉ።

«ጨው ነው። በረዶው እንዳያንሸራትት።»

«ጨው? የሚበላው ጨው?» አያ ይሄነው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። እኛ ለከብት በጭብጥ የምንሰስተውን ጨው፣ በየጎማው ሥር! «ኧረ በስመ አብ! ይሄን ያየች ላም አገሯን ጥላ በእግሯ ትመጣለች!» ማስተዋል ሳቋን መያዝ አቅቷት መሪው ላይ ተደፋች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከተማው ሲገቡ ደግሞ ውሻ አራት ጫማ ተጫምቶ ሲሄድ አዩ። አራት! ሰው ስንቱን ይናገራል?

ማስተዋል መኪናዋን አቁማ ከማሽኑ የማቆሚያ ወረቀት ልትቆርጥ ስትሄድ፣ እሳቸው በትራቸውን ይዘው ወረዱ። ከቤቶቹ ፊት ለፊት ሜዳ ተዘርግቷል። እንዴት ያለ ሜዳ! ጉብታ የለው፣ ጉቶ የለው፣ ጉድጓድ የለው፤ ዓይን እስኪደክም ልጥፍ ያለ ነጭ ሜዳ። ጥር ሃያ ሦስት ነው፣ ልባቸው እንጅባራ ነው፤ ታዲያ ምን ይሁኑ? ገቡበት። «ምን የመሰለ የፈረስ ሜዳ ነው! እንዲህ ያለውን ቦታ ማን ቤት ሳይሠራበት ተወው?» እያሉ በእርምጃ ይለኩ ጀመር። መነሻው እዚህ፣ መመለሻው እዚያ፣ ተመልካች በወዲያ በኩል። በትራቸውን ሰደድ እያደረጉ ሁለት መቶ እርምጃ ቆጠሩ።

«አባዬ! የት ነው የሚሄዱት?» ማስተዋል እየሮጠች ደረሰችባቸው።

«ሜዳውን እየለካሁ ነዋ። ሐይቁስ የታለ? ሐይቅ አሳይዎታለሁ አላልሽም?»

«የቆሙበት ነው እኮ።»

«ምኑ?»

«ሐይቁ። ውሃው ከሥርዎ ነው፤ ላዩ በብርዱ ረግቶ ነው እንጂ።»

አያ ይሄነው ክው አሉ። በትሩን ጣሉ፣ እንደ ሕፃን በአራት እግራቸው ሆኑ። የዘንገና ሐይቅ አገር ሰው ናቸው! ሐይቅ ማለት ከልጅነታቸው ጀምሮ «ወለል የለውም፣ ከዳሩ አትለፍ» የተባሉት ነገር ነው። ያን ሁለት መቶ እርምጃ በየቱ መልአክ እጅ ተይዘው እንደመጡ ሲያስቡት ላብ አጠመቃቸው፤ በዚያ ብርድ!

«ማርያም፣ ማርያም፣ ልጄ አትንቀሳቀሺ! አንቺ ከባድ ነሽ!»

ማስተዋል እጃቸውን ይዛ አነሣቻቸው። ወደ ዳር መውጣት ሲሹ አንድ ቤት አሳየቻቸው። ሐይቁ ላይ! እንጨት ቤት፣ በር ያለው፣ ጭስ የሚወጣበት። ከውስጡ አንድ ጢማም ሽማግሌ ብቅ ብሎ እጁን አወዛወዘላቸውና በርጩማ ሰጣቸው። ወለሉ ላይ እንደ ድስት አፍ ክብ የሆነ ቀዳዳ ተቦርቡሯል፤ በቀዳዳው ውስጥ ጥቁር ውሃ ይርገበገባል። ሰውየው ክሩን ሰዶ ዓሣ ይጠብቃል። ከጎኑ ደግሞ የብረት ምድጃ፣ ውስጡ እንጨት እየተንቀለቀለ! አያ ይሄነው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ ውሃ ነው። እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘረጉ፤ እሳት ነው። ታች ውሃ፣ ላይ እሳት፣ መካከል ይሄነው። ሲወጡ ማስተዋል ነጩ ሜዳ ላይ አቁማ ፎቶ አነሣቻቸው።

መጋቢት ላይ ተመለሱ። የመጀመሪያዋ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከበባቸው። «ካናዳ እንዴት ከረመች?» ሲባሉ፣ ይቺ ያልታደለች አፍ የደበቀችው የለም። ጨው ሲዘራ፣ ውሻው ጫማ ሲያደርግ፣ ሐይቁን ሜዳ መስሏቸው ሲለኩት፣ ሐይቅ ላይ እሳት ሲሞቁ፣ ሁሉን ዘረገፉት። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ሁለተኛ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛ እርስ በርሱ ተያየ።

«ፎቶ አለኝ!» አሉ አያ ይሄነው፣ ማስተዋል ያሳጠበችላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው። ፎቶው ከእጅ እጅ ዞረ። አያ ይሄነው ነጭ ሜዳ ላይ ቆመዋል።

«ታዲያ ውሃው የታለ?»

«ከሥሬ ነው!»

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል። ገበያ ሲወጡ «አያ ውሃ ላይ መጡ» ነው። ፈረስ ሊያሳያቸው የነበረው ገዢ የፈረሱን ጥርስ በሌላ ሰው አስቆጠረ። ቤታቸው ገብተው «እኔ ይሄነው?» እያሉ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን መመለሻ አለው?

የሽምግልናው ቀን ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ካለው ዋርካ ሥር ሽማግሌዎቹ ተሰየሙ፤ ሰብሳቢው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አያ ወገኔ ናቸው። ካሳነሽ ነጠላዋን አገልድማ ባንድ በኩል፣ መሳፍንት ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሌላ በኩል። አያ ይሄነው ተነሥተው ተናገሩ፤ ድንጋዩ የተተከለው ማሳው ላይ ካለው የኮሶ ዛፍ ጉቶ ሰባት እርምጃ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ ዛሬ ያለበት ቦታ የተገፋ ነው።

መሳፍንት እጅ ነሥቶ ተነሣ። አቤት ምላስ ሲታደሉ!

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አያ ይሄነው ሐይቅ ላይ ተቀምጠው እሳት ሞቁ። እሳቸው ናቸው ያሉት፣ እኔ አይደለሁም። ውሸት ከሆነ፣ የሐሰተኛ ምስክርነት አይሰማም። እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ሐይቁን ሜዳ መስሏቸው ገብተውበታል። ሐይቅና ሜዳ ያልለየ ዓይን ነው ዛሬ የኔንና የካሳነሽን ድንበር የሚለየው?»

ዋርካው ሥር ያለው ሰው በሳቅ አውካካ። «እሰይ!» ያለም ነበር። አያ ወገኔ ራሳቸው ከንፈራቸውን ነከሱ። ያቺ ካሳነሽ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ተነሥታ ሄዳ አያ ይሄነው እግር ሥር ወደቀች።

«አያ ይሄነው፣ በማርያም! ቀልድ ነበር ይበሉ። ሳስቃችሁ ብዬ ነው ይበሉ። አንዲት ቃል ናት። ልጆቼን አያስርቡብኝ።»

«አንቺም አላመንሽኝም?» አሏት።

ካሳነሽ መሬት መሬት አየች። ያ ድንጋጤ ከሐይቁ ባሰ። ስለ እሷ የሚሰደቡላት ሴት እንኳ አታምናቸውም! ደግሞ የጠየቀችው እውነቷን ነው፤ አንዲት ቃል ናት። «ቀልጄ ነው» ቢሉ ሰው ስቆ ይተዋቸዋል፣ ድንጋዩ ይመለሳል፣ ልጆቹ ይበላሉ። አያ ይሄነው ቃሏን ምላሳቸው ላይ አገላበጧት፤ አልወጣ አለቻቸው።

«መሳፍንት» አሉ። «ሐይቁን ሜዳ መስሎኝ እንደገባሁበት ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ሌላ ያየኝ የአገር ሰው ነበር?»

«የለም።»

«ታዲያ የሳትሁትን ደብቄ፣ አዋቂ መስዬ መመለስ ያቅተኝ ነበር? ሐይቁንም ድንጋዩንም ያየሁት በዚሁ ዓይኔ ነው። ዛሬ ሐይቁን ብክድ፣ ነገ ድንጋዩን ማን ይቀበለኛል?»

መሳፍንት ግን ትንሽ አሰበና ዓይኑ በራ። «እንግዲያው ይማሉ!» አለ። «ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ ሐይቁንም ደርበው፣ በልጃቸው በማስተዋል ይማሉ!»

ጉድ! ሴቶቹ «ኧረ ተው!» አሉ። በእኛ አገር እውነት የያዘ ሰውም መሐላ ይፈራል፤ በልጅ መማል ደግሞ፣ ያውም ባንድ ልጅ፣ ያውም ባሕር ማዶ ባለች! መሳፍንት ይህንን ያውቃል። ይሸሻሉ ብሎ ነው፤ ሐይቁን ሲሸሹ ድንጋዩም አብሮ እንዲቀርለት። ደንቡ ሁለተኛ እግር እንዳለው ግን በደስታው ረስቶታል፤ ማሉልኝ ያለ በተራው ይምላል።

አያ ይሄነው ጫማቸውን አወለቁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደው መዝጊያውን በቀኝ እጃቸው ያዙ። አዎ ፈርተዋል፣ ለምን ይዋሻል?

«ከኮሶው ጉቶ ሰባት እርምጃ ድንጋዩን በእጄ ተክያለሁ። ካናዳ ሐይቅ ላይ ቆሜያለሁ፤ ውሃው ከእግሬ ሥር እያለ እሳት ሞቄያለሁ። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ቢሆን ማስተዋልን አያሳየኝ፤ ድምጿንም አያሰማኝ።»

አያ ወገኔ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ወደ መሳፍንት ዞሩ።

«ተራህ ነው፣ ልጄ። አንተም ልጆች አሉህ።»

መሳፍንት ተነሣ። ወደ በሩ አራት እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ። ላብ ግንባሩ ላይ ፈሰሰ። አያ ይሄነውን ትክ ብሎ አያቸው፤ ሌላ ሰው የሚያይ ነበር የሚመስለው።

«አያ ይሄነው» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «እውነት... እሳቱ ውሃው ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«በረዶው ሳይቀልጥ?»

«ሳይቀልጥ። እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

መሳፍንት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አልምልም» አለ። «ድንጋዩን ነገ እመልሳለሁ።»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ቆመው እያዩ ዲከረንሱ ተነቀለ፤ ከኮሶው ጉቶ ሰባት እርምጃ ተለካ። መሳፍንት ድንጋዩን ተሸክሞ አምጥቶ ጉድጓዱን ይቆፍራል። ካሳነሽ የአያ ይሄነውን ጉልበት ስማ፣ አልቅሳ፣ መርቃ ስታበቃ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«አሁንማ አለቀ፣ ለኔ ብቻ ይንገሩኝ። ያ የሐይቁ ነገር... ጨዋታ ነበር አይደል?»

አያ ይሄነው እንደገና ክው አሉ። አፋቸውን ከፍተው መልስ ሳይሰጡ፣ መሳፍንት ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና አለ፤ ፊቱ በቁጣ በርበሬ መስሏል።

«ዝም በይ አንቺ! ነበረ ተብሏል፣ ነበረ!» ብሎ መቆፈሩን ቀጠለ።

ግምጃ ቤት ዛሬም «አያ ውሃ ላይ» እያለች ትስቃለች፤ ድንበር ሲገፋ ደግሞ እሳቸውን ትጠራለች። ያን ሐይቅ አምኖ የተቀበለ ሰው ግን እስከ አሁን አንድ መሳፍንት ብቻ ነው።