የእትዬ ዘነቡ አበባ

መርሳ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ልጅ ከተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን እየተሳበ የሚወርድ፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ ሐምራዊ አበባ በጆግ ስታጠጣ አየሁ።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እንዲህ ያለ አበባ ነበራቸው፤ ልጃቸው ሊዘምት ሲል የተከለላቸው። ወሬውን ሊጠይቁ ወልድያ ሲወጡ፣ «ቅጠሉ ውሃ ቋጥሯል፤ እስክመለስ ጠብታ እንዳታስነኪው» ብለው አደራ ሰጡኝ። እኔ ግን ፀሐዩ ሲበረታ አንጀቴ አልችል ብሎ ጠዋት ማታ አጠጣሁት።

ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሲመለሱ አበባው ከሥሩ በስብሶ ነበር። አለቀስኩ።

«ተይ ልጄ» አሉኝ፣ የረጠበውን አፈር እየዳበሱ። «እሱስ ጠጥቶ ነው የሞተ። የኔው ልጅ ጉሮሮውን የሚያርስለት እንኳ አላገኘም አሉ።»

ከዚያ ወዲያ ባዶውን አፈር በየጠዋቱ ያጠጡት ነበር።

ልጅቷን «ይበቃዋል» ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።