ሳንቲም የምታህል ጎማ

ጀማለዲን በየጠዋቱ ሱቁን እንደከፈተ ጃኬቱን ሳያወልቅ በርጩማው ላይ ይቀመጥና ከሱማሌ ተራ በኪሎ ከገዛው አሮጌ ዕቃ ውስጥ አንዱን ያነሣል። ዕቃው መሐሉ ቀዳዳ፣ ከካፖርት አዝራር የማይበልጥ ጥቁር ቀለበት ነው። የቴስተሩን ሁለት ሽቦ ያያይዝበትና በካቻቢቴው እጀታ ቀስ አድርጎ መታ፣ መታ ያደርገዋል። የቴስተሩ ቁጥር ብድግ ብሎ ከወረደ ዕቃው ሕይወት አለው፤ ወደ ቀኙ ሣጥን ይገባል። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ወደ ግራው ይጣላል። አብዛኛውን ቀን የግራው ሣጥን ቀድሞ ይሞላል።

ዕቃው ኖክ ሴንሰር ይባላል። በሞተሩ ገላ ላይ በብሎን ታስሮ የሚያዳምጥ ነው። ቤንዚኑ ከካንዴላው እሳት ውጪ በራሱ ጊዜ ሲፈነዳ ሞተሩ ውስጥ እንደ መዶሻ የሚያንኳኳ ድምፅ ይፈጠራል። ሴንሰሩ ያንን ሰምቶ ለመኪናው ኮምፒውተር ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሞተሩ ይተርፋል፤ ጉልበቱ ግን ይወርዳል። ቱርቦ ባለው መኪና ላይ፣ አየሩ ታጭቆ ስለሚገባ፣ ማንኳኳቱም የጉልበቱ መውረድም ይብሳል።

ይህን ሁሉ ጀማለዲን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለደንበኞቹ ሲያስረዳ ኖሯል። ደንበኞቹ ግን ማብራሪያ ፈልገው አይመጡም። የሚመጡት ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት እንዲጠፋላቸው ነው። ችግሩ ሳይነካ መብራቱን አጥፋልኝ ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ አልችልም አይልም፣ አልሠራም ነው የሚለው። በዚህም የተነሣ ከፊት ለፊቱ ያለው የአስናቀው ሱቅ ሰው ሲበዛበት የእሱ ደጅ ጭር ብሎ ይውላል። አስናቀው ሠላሳ ያልሞላው፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ ልጅ ነው። የሴንሰሩን ሽቦ ቆርጦ ኮምፒውተሩን በሌላ ነገር ያታልልና መኪናውን እያስበረረ ይሸኛል።

ጫልቱ የመጣችው አንድ ማክሰኞ ነው። የምትነዳው ትንሽ ባለ ቱርቦ መኪና እናቷ የአምቦውን ቤት ሸጣ የገዛችላት ናት፤ በስልክ እየተጠራች ሰው ታመላልስባታለች። ከእናቷ ጋር የሚኖሩት ኮልፌ በአንዲት ክፍል ኪራይ ነው። ከመኪናዋ ሌላ የሚሸጥም የሚያበላም ነገር የላቸውም።

«ዳገት አልወጣ አለኝ፣ ጋሽ ጀማል» አለች። «ትናንት ጳውሎስ ጋ ሁለት ልጆች የሚገፉት ጋሪ ቀደመኝ።»

«ባዶ ነበር ጋሪው?»

«ሲሚንቶ ጭኗል።»

ሦስት መካኒክ ሦስት ጊዜ ሴንሰር ቀይሮላታል። ጀማለዲን የመጨረሻውን ፈትቶ በቴስተሩ ሞከረው፤ ቁጥሩ ብድግ አለ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው። የሚቀመጥበት ብረት ንጹሕ መሆኑን በጣቱ ዳሰሰ። መልሶ በልኩ አሰረው፤ ብሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀም ከላላም ዕቃው የሚሰማውን ያዛባዋል።

«ይሄ ደህና ነው።»

«የበፊቶቹስ?»

«እነሱም ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ኮምፒውተሩን የሚያነበውን መሣሪያ ሰክቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ጳውሎስ ሲወጡ እሷ መንገዱን፣ እሱ ቁጥሩን ያያሉ። ሜዳው ላይ እሳቱ በአሥራ አራት ዲግሪ ይቀድም ነበር፤ ቁጥሩ ሲወርድ እሳቱ ዘገየ ማለት ነው። ዳገቱ ሲጀምርና ቱርቦው ሲገፋ ስምንት ሆነ፤ ቀጥሎ ሦስት፤ ቀጥሎ አንድ። ሴንሰሩ አልዋሸም። ሞተሩ እውነት እያንኳኳ ነው።

ሱቁ ሲመለሱ ከነዳጅ ቧንቧው ጥቂት ቀድቶ መዳፉ ላይ አፈሰሰ። ቤንዚን መዳፍ ላይ አይቆይም፤ ወዲያው ይተናል። ይሄኛው ቆየ፣ እጁንም እንደ ቅባት አሟለጨው።

«ከየት ነው የምትቀጂው?»

«ከመንገድ። በጀሪካን ከሚሸጡት።»

«ነጭ ጋዝ ቀላቅለውበታል።»

በታንከሩ ያለውን አስወጥቶ ለሙከራ የሚያስቀምጠውን አሥር ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ጨመረላት። ያንኑ ዳገት እንደገና ወጡ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት። መኪናው ሚኒባሶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሲያስቀር ጫልቱ ብቻዋን ሳቀች።

«ዳነ» አለች።

«መጀመሪያም አልታመመም። ከማደያ ብቻ ቅጂ።»

ሳቋ ቆመ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ተሰልፌያለሁ፣ ጋሽ ጀማል። በሁለተኛው ቀን ከፊቴ አራት መኪና ሲቀር አለቀ ብለው ገመድ ዘረጉ። ሁለት ቀን አልሠራሁም፤ ቤንዚንም አላገኘሁም።»

ጀማለዲን መሣሪያውን ነቅሎ ሽቦውን ጠቀለለ።

በአምስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። አሥሩ ሊትር አልቋል፤ ከመንገድ ቀድታለች፤ ዳገቱም እንደበፊቱ ሆኗል። ከመኪናው ሳትወርድ በመስኮቱ አነጋገረችው።

«አስናቀው አሁኑኑ እሠራልሻለሁ ብሎኛል። እኔ ግን እርስዎ ቢሠሩልኝ እመርጣለሁ። ሴንሰሩ እንዳይሰማ ያድርጉልኝ።»

«ማንኳኳቱ እኮ አይቆምም። ኮምፒውተሩ ስለማያውቅ እሳቱን አያዘገይም። ፒስተኑ ይቃጠላል።»

«መቼ?»

«አላውቅም።»

«ወር ይቆያል?»

«አላውቅም አልኩሽ፣ ልጄ።»

«እኔ ደግሞ ካልሠራሁ መቼ ከቤት እንደምንወጣ አውቃለሁ። አከራያችን ቀኑን ነግራናለች።»

ጀማለዲን ወደ አስናቀው ሱቅ አየ። ልጁ ከደጁ ቆሞ በጥርሱ ስቴኪኒ እያኘከ ይመለከታቸዋል። እዚያ ከሄደች ሽቦው ተቆርጦ ሞተሩ ፈጽሞ ሰሚ ያጣል። ጀማለዲን አሮጌ ካላማዳሪ አወጣና ሳንቲም የምታህል ክብ ጎማ በመቀስ ቆረጠ። መሐሉን በሳ። ሴንሰሩን ፈትቶ፣ ከብረቱና ከሴንሰሩ መካከል ጎማዋን አስገብቶ አሰረው። ጎማዋ ቀጭን ስለሆነች ቀላሉን ድምፅ ታፍናለች፣ ከባዱን ግን ታሳልፋለች ብሎ ራሱን አሳመነ። ይህን የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም።

«ከሁለት ሰው በላይ አትጫኚ። ዳገት ላይ ነዳጅ አትርገጪ። የዛሬ ሳምንት ነይና አወጣልሻለሁ፤ እስከዚያ የማደያ ቤንዚን ፈልጊ።»

ሁሉንም እሺ አለች። ስትል ከልቧ ነበር።

መኪናዋ በረረች። ጫልቱም ደስታዋን ለብቻዋ አልያዘችም፤ ደንበኛ በምትጠብቅበት ቦታ ሁሉ ለሾፌሮቹ አወራች። በሳምንቱ ሦስት መኪና ከጀማለዲን ደጅ ቆመ። ሁለቱን መለሰ። ሦስተኛው ግን ዕድሜው የእሱን የሚያክል ሾፌር ነበረና ዝም ብሎ አልሄደም።

«ለእሷ ያደረግከውን ለእኔ የምትከለክለኝ ምን በድዬህ ነው?»

ጀማለዲን መቀሱን አነሣ። ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ሁሉ ያው ጥያቄ፣ ያው መቀስ ሆነ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ሱቄን ይግዙኝ» አለው አስናቀው ከማዶ እየሳቀ። «ደንበኛዬን ጨረሱት እኮ። እኔ በሽቦ፣ እርስዎ በጎማ፤ የእርስዎማ ባህላዊ ነው።»

ጀማለዲን ጎማ መቁረጡን ቀጠለ።

በቀጠሮው ቀን ጫልቱ አልመጣችም። ደወለላት። ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰኞ እመጣለሁ አለች። ሰኞም አልመጣችም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መኪናዋ በገመድ ተጎትታ መጣች። የሁለተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትቶ ሲያወጣው ጫፉ የለም፤ ቀልጦ ሄዷል። በማግስቱ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሲያነሣ ፒስተኑ መሐሉ ላይ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፍቷል፤ ሲሊንደሩም ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል።

ጫልቱ ጎንበስ ብላ አየችው። «ሦስት ሰው ጭኜ ነበር» አለች። «ዳገት ላይ። እርስዎ ነግረውኝ ነበር።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «ጎማዋን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አላት።

«የለመንኩዎት እኔ ነኝ። ሌላ ሞተር ይገኛል?»

ቀኑን ሙሉ ሱማሌ ተራን ዞረ። የዚያ ዓይነት ሞተር ያለው አንድ ነጋዴ ብቻ ነበር፤ እሱም ብዙ ሳይለመን ከሸራ ሥር ገልጦ አሳየው። ጀማለዲን ካንዴላዎቹን አስፈትቶ በባትሪ ወደ ውስጥ አየ። ሦስተኛው ፒስተን ተበስቷል። ሴንሰሩ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ብሎን ታስሯል።

«ከየት የመጣ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከዚሁ ከአዲስ አበባ» አለ ነጋዴው። «እንዲህ ያለው ሰሞኑን እየበዛ ነው።»

ወደ ሱቁ ተመልሶ ጎማ ያስገባላቸውን ስምንት ሰዎች ስልክ ፈለገ። የስድስቱን አገኘ። ስልክ ላነሡት ኑና ላውጣላችሁ፣ በነጻ ነው አላቸው። ሁለቱ አላነሡም። አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት አለ። ሦስቱ ሳቁበት። «መኪናው እንደ ንፋስ ነው፣ ጋሼ» አለው አንደኛው፤ «ምን ሆኑ፣ ተጸጸቱ እንዴ?» ያ ዕድሜው የእሱን የሚያክለው ሾፌር ስልኩን ከሰጡት መካከል አልነበረም።

ጀማለዲን ሁለት ቀን ሙሉ ጎማ ፈልጎ የመጣውን ሁሉ መለሰ። የተመለሱት መንገዱን ተሻግረው ወደ አስናቀው ገቡ፤ እሱም በግማሽ ሰዓት እየጨረሰ ሸኛቸው። ከመሐላቸው አንዱ ሲወጣ ለጀማለዲን የጥሩምባ ሰላምታ ሰጠ።

ሌላ ሞተር ያልተገኘላትን የጫልቱን መኪና የገዛው ያው የሱማሌ ተራ ነጋዴ ነው። በሮቹንና መብራቶቹን እዚያው ጀማለዲን ደጅ በቆመበት ፈትቶ ወሰደ፤ ቀሪውን በሚቀጥለው ቀን በጭነት መኪና አስነሣው። እናትና ልጅ ኮልፌ ያለውን ክፍል ለቀው አንድ ዘመዳቸው ቤት ተጠግተዋል። ጫልቱ ከሰኞ ጀምሮ ከአውቶቡስ ተራ በሚነሣ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆና ትሠራለች።